የሯጭ መንገድ የማን ነው?

በሩጫ ውድድር ስለ መገፋፋትና ስለ ማሰናከል የተደነገገው ሕግና አተረጓጐሙ

፩. መግቢያ

የአርሲ ደጋ የሯጮች አገር መሆኑ በዓለም የታወቀ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ ከበቆጂና ከአካባቢው ወጥተው በኦሊምፒክ አደባባይ ወርቅ አጥልቀዋል። የእነዚህ ሰዎች ነገር ሲነሣ ስለ አገሩ ከፍታ፣ ስለ ትንፋሻቸውና ስለ አጨራረሳቸው ብዙ ይነገራል። ነገር ግን ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ብቻውን አይሮጥም። በፊቱም፣ በኋላውም፣ በጎኑም ሌሎች አሉ። ክርን ከክርን ይነካካል፤ የአንዱ ጫማ የሌላውን ተረከዝ ይረግጣል፤ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ዳኛው ምን ማድረግ ይገባዋል? ለወደቀው አዝኖ ዝም ማለት ነውን? ያልወደቀውን መሰረዝ ነውን?

ይህን ጥያቄ እንዳጠና ያነሣሣኝ በሲሬና በአካባቢው በሚደረጉ የተማሪዎች ሩጫዎች ላይ ዘወትር የሚሰማው ክርክር ነው። አንድ ልጅ በወደቀ ቁጥር ተመልካቹ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ገፍቶ ጣለው» ሲል ሌላው «ራሱ ነው የተደናቀፈ» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ መውደቁ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ቀጥሎ እንመለከታለን።

ጽሑፉ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ቀጥሎ በታወቁ ውድድሮች ላይ እንዴት እንደተሠራበት፣ በመጨረሻም ካሜራ በሌለበት ሜዳ እንዴት ሊሠራበት እንደሚችል ለማብራራት እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

፪. ሯጮች ለምን ይነካካሉ?

ሯጮች የሚነካኩት በክፋት ይመስላቸዋል አንዳንድ ሰዎች። ዋናው ምክንያት ግን የሒሳብ ነው። የመሙ አንድ ዙር በውስጠኛው መሥመር 400 ሜትር ነው። ከዚህ መሥመር አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የሚሮጥ ሰው ሁለቱን ጥምዞች በሰፊው ስለሚዞራቸው በየዙሩ 6 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምርበታል። የ10,000 ሜትር ውድድር 25 ዙር ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የሮጠ ሰው 157 ሜትር ትርፍ መንገድ ሮጧል ማለት ነው። ርቀቱን በ27 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ለሚጨርስ ሯጭ ይህ 26 ሰከንድ ያህል ይሆናል። በትልቅ ውድድር አንደኛውንና ሁለተኛውን የሚለየው አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ እንደሆነ ካሰብን የ26 ሰከንድ ክብደት ግልጽ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ወደ ውስጥ መጠጋት ይፈልጋል። ነገር ግን የውስጡን መሥመር የያዘ ሰው ሌላ አደጋ አለበት። አንዱ በፊቱ፣ ሌላው በጎኑ ሆነው ሲሮጡ እንደ ታጠረ በሬ መውጫ ያጣል። ፊተኞቹ ፍጥነት ሲጨምሩ አብሮ ለመውጣት ከፈለገ ወይ ወደ ኋላ ቀርቶ በውጭ መዞር፣ ወይም በመካከል ጠባብ ቀዳዳ እስኪገኝ መጠበቅ ግዱ ነው። አብዛኛው መገፋፋት የሚደርሰው በዚህች ቅጽበት ነው። ከዚህም የምንረዳው መነካካት የሩጫ ባሕርይ መሆኑን ነው። መነካካትን ሁሉ ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ቢኖር ኖሮ ሩጫ ራሱ አይኖርም ነበር።

፫. ሕጉ ምን ይላል?

የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በውድድር ደንቡ 17ኛ አንቀጽ ስለዚሁ ነገር ደንግጓል። ሐሳቡን በአጭሩ እንደሚከተለው ማስቀመጥ ይቻላል።

አንደኛ፤ መገፋፋት ሲባል አካል ከአካል መነካካቱ ብቻውን አይበቃም። ንክኪው ለነኪው የማይገባ ጥቅም የሚያስገኝ ወይም በተነካው፣ አለዚያም በሌላ ሯጭ ላይ ጉዳት የሚያደርስ መሆን አለበት። ንክኪ ባይኖርም የሌላውን መንገድ መዝጋት ማሰናከል ይባላል። በሁለቱም ዘንድ ሚዛኑ አንድ ነው፤ ይኸውም የሯጩ ግስጋሴ ታግዷልን የሚል ነው።

ሁለተኛ፤ ድርጊቱ ሳይታሰብ የደረሰ ከሆነ ወይም ያደረሰው ሌላ ሯጭ ካልሆነ፣ ማንም አይቀጣም። ቢሆንም ዋናው ዳኛ ተጎጂው በብርቱ ተጎድቷል ብሎ ካመነ ውድድሩ ለአንዱ፣ ለጥቂቶቹ ወይም ለሁሉም እንዲደገም ለማዘዝ፣ ወይም ተጎጂው ወደሚቀጥለው ዙር እንዲያልፍ ለመፍቀድ ይችላል።

ሦስተኛ፤ ለድርጊቱ ኀላፊ ሆኖ የተገኘ ሯጭ ካለ፣ እርሱ ከዚያ ውድድር ለመሰረዝ የተጋለጠ ነው። ለተጎጂው የሚደረገው ካሣ ግን በዚህም ጊዜ አይቀርም።

አራተኛ፤ በሁለቱም መንገድ ካሣ የሚጠይቅ ሯጭ እንደ ደንቡ በቅን ጥረት ውድድሩን የፈጸመ ሊሆን ይገባዋል። ይህችን ትንሽ ሐረግ አንባቢዎች በልባቸው እንዲይዙልኝ እለምናለሁ፤ በመጨረሻ እመለስባታለሁና።

እንግዲህ ሕጉ ሁለት እጅ አለው ማለት ነው። አንደኛው እጅ ይቀጣል፤ ሁለተኛው እጅ የጎደለውን ይሞላል። ሁለቱ የተያያዙ አይደሉም። ጥፋተኛ ሳይገኝ ካሣ ሊሰጥ ይችላል። በየሜዳው የሚነሣው ክርክር የማይፈታው ብዙውን ጊዜ ሰው ይህን ሳይለይ «ጥፋተኛ ከሌለ ተበዳይ የለም» ብሎ ስለሚያስብ ይመስለኛል።

፬. በመንገድ ላይ መገኘትና ወደ መንገድ መግባት

ሕጉ ኀላፊ የሆነውን ሯጭ ዳኛው እንዲለይ ያዛል እንጂ በምን ምልክት እንደሚለየው በዝርዝር አይናገርም። በሯጮች ዘንድ «ከኋላ የሚመጣው ይጠንቀቅ» የሚል ልማድ አለ። ልማዱ መልካም ቢሆንም ሕግ አይደለም፤ ከፊት ያለውም ሊያጠፋ ይችላልና። ስለዚህ ለትርጓሜው ብርሃን እንዲሆነን ሌሎች ጨዋታዎች ይህንኑ ችግር እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል።

በእግር ኳስ ሕግ 12ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ ተጫዋች በሜዳው ላይ በቆመበት ቦታ የመሆን መብት አለው። በተቃራኒው ተጫዋች መንገድ ላይ መገኘትና ወደ ተቃራኒው ተጫዋች መንገድ መግባት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥፋት አይደለም፤ ኳሱ ለሁለቱም ለመጫወት በሚያመች ርቀት ላይ ሳይሆን የተፈጸመ እንደሆነ ሁለተኛው ጥፋት ነው። ተንሸራትቶ ኳስ ለመንጠቅ የሚገባ ተጫዋችም ቢሆን የሚፈረድበት በመንሸራተቱ አይደለም። ያለ ጥንቃቄ የገባ እንደሆነ ቅጣት ምት፣ የሌላውን አደጋ ከቁም ነገር ሳይቆጥር የገባ እንደሆነ ቢጫ ካርድ፣ ከልክ ባለፈ ኀይል የገባ እንደሆነ ቀይ ካርድ ነው።

አሜሪካኖች በሚወዱት በቤዝቦል ደግሞ ነገሩ የበለጠ የተብራራ ነው። በዚህ ጨዋታ አንዱ ወገን ኳስ በዱላ ከመታ በኋላ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ይሮጣል። ሌላው ወገን ኳሱን ይዞ ቀድሞት ለመድረስ ይጥራል። የተመታውን ኳስ ለመያዝ የሚሞክረውን ተከላካይ ሯጩ መንገድ መልቀቅ አለበት፤ በራሱ የሩጫ መሥመር ላይ ቢሆንም እንኳ ይህ ግዴታ አይቀርለትም። በአንጻሩ ኳስ ያልያዘና ኳስ ለመያዝ ያልተዘጋጀ ተከላካይ የሯጩን መንገድ ቢዘጋ ጥፋተኛው ተከላካዩ ነው። ሯጩ ወደ ማረፊያው ሲቃረብ በመሬት ላይ መንሸራተት ይፈቀድለታል። ነገር ግን አንዳንዶች የሚንሸራተቱት ማረፊያውን ለመንካት ሳይሆን የተከላካዩን እግር ለመምታትና ውርወራውን ለማበላሸት ነበር። በ2015 በጥቅምት ወር በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ቡድኖች መካከል በተደረገ ግጥሚያ እንዲህ ባለ መንሸራተት የኒው ዮርኩ ተከላካይ የእግሩ አጥንት ተሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2016፣ ሕጉ ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ቅን መንሸራተት የሚባለው ሯጩ ማረፊያው ጋ ከመድረሱ በፊት መሬት የነካ፣ ማረፊያውን በእጁ ወይም በእግሩ ለመንካት የሚችልና የሚሞክር፣ ከነካም በኋላ በዚያው ለመቆየት የሚሞክር፣ ተከላካዩን ለመግጨት ሲል አካሄዱን ያልለወጠ እንደሆነ ነው። እነዚህን የፈጸመ ሯጭ ተከላካዩን ቢነካው እንኳ ጥፋት የለበትም።

ከሁለቱም ጨዋታዎች የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ዳኛው ማን ወደቀ፣ ወይም ማን ማንን ነካ ብሎ አይጀምርም። አስቀድሞ፣ ከንክኪው በፊት፣ መንገዱ የማን ነበር፣ አካሄዱንስ የለወጠው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ይህን መለኪያ ወደ ሩጫ ብናመጣው ሦስት ጥያቄዎች ይሆናሉ። በመንገዱ ላይ የነበረ ማን ነው? ወደ መንገዱ የገባ ማን ነው? ከዚህስ የተነሣ የታገደው ግስጋሴ ምን ያህል ነው?

፭. ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል

አሁን መለኪያውን በታወቁ ውድድሮች እንፈትነው። የቀድሞዎቹ ውድድሮች የተዳኙት በጊዜያቸው በነበረው ደንብ ስለሆነ፣ እኔ የማደርገው ዛሬ ባለው ሕግ መመዘን ብቻ ነው።

በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ገና ግማሹ ሳይደርስ ወደቀ። የቱኒዚያው መሐመድ ጋሙዲም ከእርሱ ጋር ተደናቅፎ ወደቀ፤ በኋላም ውድድሩን አቋረጠ። ቪረን ግን ተነሥቶ ተከተለ፤ በ27 ደቂቃ ከ38.4 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሽሎ አሸነፈ። የእኛ ምሩጽ ይፍጠር በዚህ ውድድር ሦስተኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። የተቀጣ ሰው አልነበረም። ውድቀት ብቻውን ጥፋትን እንደማያስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሴቶች 3,000 ሜትር ፍጻሜ ለብሪታንያ የምትሮጠው የ18 ዓመቷ ዞላ በድ ከፊት ሆና ስትመራ፣ ከኋላዋ በውስጠኛው መሥመር በኩል የነበረችው አሜሪካዊቷ ሜሪ ዴከር ከእግሯ ጋር ተጠላልፋ ወደ ሣሩ ወደቀች፤ ልትቀጥልም አልቻለች። ሮማንያዊቷ ማሪቺካ ፑይካ አሸነፈች። ዳኞቹ ወዲያው ዞላ በድን ሰረዟት። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ግን ፊልሙን ከተመለከተ በኋላ ስረዛውን አነሣ። ሕጉ አንድ፣ ድርጊቱም አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሁለት የሆነው የተመለከቱበት ቦታ ስለተለያየ ነው። በመም ዳር የቆመ ሰው በጎን ያያል፤ በጎን የሚያይ ሰው ደግሞ ማን ወደ ማን መንገድ እንደገባ ለመለየት ይቸገራል።

በ1993 በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ፍጻሜ በመጨረሻው ዙር ግድም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከፊቱ የሚሮጠውን የኬንያውን ሞሰስ ታኑይን ተረከዝ ረገጠው። የታኑይ ጫማ ወለቀ፤ እርሱም ጫማውን ጥሎ በአንድ እግሩ ባዶ ሆኖ ፈረጠጠ። ኃይሌ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደርሶበት በ27 ደቂቃ ከ46.02 ሰከንድ ቀደመው። ውጤቱ ጸንቷል። በመለኪያችን ብናየው ኃይሌ የታኑይን መንገድ አልዘጋም፤ ወደ መንገዱም ተሻግሮ አልገባም። ነገር ግን ታኑይ ተጎድቷል። ስለዚህ ይህ ጥፋተኛ የሌለበት ተጎጂ የሚገኝበት ጉዳይ ነው። ፍጻሜ በመሆኑም የሚያልፍበት ቀጣይ ዙር አልነበረም።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ፤ እዚህ ላይ ስሜታችንም ይፈተናል። በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ በአዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን እየመራች ሳለ፣ ጉዳፍ ጸጋይ ስትደርስባት፣ ከመጨረሻው መሥመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ወደቀች። ጉዳፍ አሸነፈች፤ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገቡ። ማንም አልተሰረዘም፤ እኛም በደስታ አጨበጨብን።

በሚቀጥለው ዓመት በፓሪስ ኦሊምፒክ ሁለት ጉዳዮች ተነሡ። የመጀመሪያው በ5,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። የኬንያዋ ፌይዝ ኪፕዬጎንና ጉዳፍ ጸጋይ ለቦታ ሲሻሙ ተገፋፉ። ኪፕዬጎን ከአገሯ ልጅ ከቢያትሪስ ቼቤት ቀጥላ ሁለተኛ ብትገባም በማሰናከል ተሰረዘች። ኬንያ ይግባኝ አለች፤ ጉባኤውም ስረዛውን አንሥቶ የብር ሜዳልያውን መለሰላት። ሁለተኛው በሴቶች ማራቶን ነው። ሲፋን ሐሰንና ትዕግስት አሰፋ ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ በመታጠፊያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። ሲፋን በአጥሩ በኩል ባለው በውስጠኛው ቀዳዳ አልፋ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግባ አሸነፈች። ትዕግስት በ3 ሰከንድ ተቀድማ ሁለተኛ ሆነች። ኢትዮጵያ ሲፋን እንድትሰረዝ ያቀረበችው አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም።

በአገራችን ይህ ፍርድ ብዙ ሰው አሳዝኗል። በመለኪያችን ግን እንመዝነው። በመታጠፊያ ላይ ከፊት ያለው ሯጭ አጭሩን መንገድ ፈልጎ ወደ ውስጥ መጠጋቱ የተለመደ ነው። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ቀዳዳ ሲያይ መግባቱ የተለመደ ነው። ሁለቱ ወደ አንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲሄዱ፣ ወደ መንገዱ የገባችው አንዷ ብቻ ናት ለማለት አይቻልም። ኀላፊው ተለይቶ ካልታወቀ ደግሞ ስረዛ አይገባም። በእኔ አስተያየት ፍርዱ ከሕጉ ጋር ይስማማል። በ2023 የጉዳፍን ድል ያለ ጥርጥር የተቀበልን ሰዎች በ2024 የሲፋንን ድል ለመንቀፍ አዲስ ሚዛን ማውጣት አይገባንም። የአገር ፍቅር ሌላ ነው፤ ዳኝነት ሌላ ነው።

፮. የተረሳው የሕጉ ግማሽ

እስካሁን ያየናቸው ጉዳዮች ሁሉ ስለ መሰረዝና አለመሰረዝ የተነሡ ናቸው። ሁለተኛው የሕጉ እጅ እንዴት እንደሚሠራ ያሳየችን ኢትዮጵያዊቷ እቴነሽ ዲሮ ናት። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች 3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ላይ ሯጮች ተደናቅፈው ሲወድቁ የእቴነሽ የቀኝ ጫማ ተበላሸ። ልታጠልቀው ሞክራ እንቢ ቢላት ጫማውንና ካልሲውን ጥላ፣ መሰናክሉንና የውኃውን ጉድጓድ በባዶ እግሯ እየዘለለች ውድድሩን ፈጸመች። የገባችው ሰባተኛ ሆና ስለነበር እንደ ውጤቱ ቢሆን ወደ ፍጻሜው አታልፍም። ነገር ግን አቤቱታ ቀርቦ እርሷና በዚያው ግርግር የተጎዱ ሁለት ሌሎች ሯጮች፣ አንዷ የአየርላንድ ሌላዋ የጃማይካ፣ ወደ ፍጻሜው እንዲገቡ ተፈቀደ። በፍጻሜው እቴነሽ 15ኛ ወጣች።

በዚህ ጉዳይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ካሣው የተሰጠው የማንንም ቦታ በመንጠቅ አይደለም፤ ሦስቱ በተጨማሪ ገቡ እንጂ። ካሣው የሜዳልያ ስጦታ አልነበረም፤ የተመለሰላት የመወዳደር ዕድል ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ እቴነሽ ውድድሩን ፈጽማለች። በባዶ እግሯ መሮጧ የሕዝብን ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሕጉንም ቃል አሟልቷል። ጫማዋ በወለቀ ጊዜ ከመም ወጥታ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ አቤቱታዋ እጅግ ይደክም ነበር።

፯. ካሜራ በሌለበት ሜዳ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ብዙ ካሜራ፣ ብዙ ዳኛና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ላለበት ውድድር ነው ሊባል ይችላል። በሲሬ ግን ሜዳው ሣር ነው፤ መሥመሩ በኖራ ይሰመራል፤ ዝናብ ሲመጣም ይጠፋል። በ1,500 ሜትር ብዙ ልጆች በአንድ ላይ ተነሥተው ወደ መጀመሪያው ጥምዝ ይጎርፋሉ። ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት በመጨረሻው መሥመር አጠገብ ነው፤ መገፋፋቱ ግን የሚደርሰው በማዶ ነው።

የሚያጓጓውም ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚያልፈው በአንዲት ሩጫ ነው። በአሰላ በሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ለመግባት የሚመኝ የገበሬ ልጅ በዓይን የሚታየው በእንዲህ ያለው ቀን ነው። በመጀመሪያው ጥምዝ ተገፍቶ የወደቀ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀውን በአንድ ደቂቃ ያጣል። «ዕድልህ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ መስደድ ቀላል ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

ሀ. የዳኞች አቋቋም። በዓለም አቀፉ ደንብ የመም ተቆጣጣሪዎች የዋናው ዳኛ ረዳቶች ናቸው፤ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጡም፤ ያዩትን ብቻ ይመሰክራሉ። አራት መምህራን ቢገኙ ሁለቱ በሁለቱ ጥምዞች መግቢያ፣ ሁለቱ በመውጫቸው ይቁሙ። ሯጮቹን በጎን ብቻ ሳይሆን ከፊት ወይም ከኋላ ሊያዩ በሚችሉበት ቦታ ቢቆሙ ማን ወደ ማን መንገድ እንደገባ ለመለየት ይቻላቸዋል።

ለ. ቢጫ ጨርቅ። ደንቡ ተቆጣጣሪው ጥፋት ሲያይ ቢጫ ባንዲራ እንዲያነሣ ያዛል። ቢጫ ጨርቅ በእንጨት ላይ ማሰር ይበቃል። ጨርቁ ከተነሣ ውጤቱ ሳይጣራ አይነገርም።

ሐ. ወዲያው መጻፍ። ተቆጣጣሪው ማን እንዳሸነፈ ሳይሰማ ያየውን በወረቀት ያስፍር። ቦታው የት እንደነበር፣ በመንገዱ ላይ የነበረው ማን እንደሆነ፣ የገባው ማን እንደሆነ፣ የተጎዳው ስንት እርምጃ እንደቀረበት ይጻፍ። ውጤት ከታወቀ በኋላ የሚሰጥ ምስክርነት ወደ ወዳጅ ያደላል።

መ. የአቤቱታ ጊዜ። በደንቡ አቤቱታ ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለዋናው ዳኛ በቃል ሊቀርብ ይችላል። ወደ ጉባኤ የሚሄድ ይግባኝ ግን በጽሑፍ ሆኖ ማስያዣ ገንዘብ ይጠየቅበታል። በትምህርት ቤት ውድድር ማስያዣው ሊቀር፣ ጉባኤውም ከተወዳዳሪዎቹ ትምህርት ቤቶች ባልሆኑ ሦስት ሰዎች ሊተካ ይችላል። ዋናው ነገር ልጆቹ ይህ መብት እንዳላቸው ከውድድሩ በፊት በሚያውቁት ቋንቋ እንዲነገራቸው ነው።

ሠ. ካሣ። በማጣሪያ የተጎዳ ልጅ በፍጻሜው በተጨማሪ ይሰለፍ። ጉዳቱ የደረሰው በፍጻሜ ከሆነና ብርቱ ከሆነ፣ ሩጫው ልጆቹ ካረፉ በኋላ በሌላ ቀን ይደገም።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞ አውቃለሁ። «ካሣ አለ ከተባለ የተሸነፈ ሁሉ ሆን ብሎ ይወድቃል፤ የውድድሩም ቀን በአቤቱታ ያልቃል» ይባል ይሆናል። ለዚህ መልሱ በሦስተኛው ክፍል አደራ ባልኋት ሐረግ ውስጥ ይገኛል። ካሣ የሚጠይቅ በቅን ጥረት የፈጸመ ይሁን ተብሏል። ለማታለል የወደቀ ልጅ ተነሥቶ የቀረውን ዙር በሙሉ ኀይሉ አይሮጥም። በእውነት የተበደለው ግን ይሮጣል። ስለዚህ ሐረጓ ዳኛውን ከሐሰተኛ አቤቱታ ትጠብቀዋለች፤ ለልጁም የሚያደርገውን ታስተምረዋለች።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ በሩጫ መነካካት ጥፋት አይደለም፤ መውደቅም ማስረጃ አይደለም። ዳኛው የሚፈልገው ከንክኪው በፊት መንገዱ የማን እንደነበረና አካሄዱን የለወጠው ማን እንደሆነ ነው። ይህ ተለይቶ ከታወቀ ጥፋተኛው ይሰረዛል። ተለይቶ ካልታወቀ ማንም አይሰረዝም፤ ተጎጂው ግን አይረሳም።

በሲሬም ሆነ በሌላው የአርሲ ሜዳ ልጆችን የሚያሠለጥኑ መምህራን ስለ እርምጃና ስለ ትንፋሽ በሚያስተምሩበት ጊዜ ይህንንም ቢጨምሩበት መልካም ነው። ልጁ ወደ ሰው መንገድ በክርኑ እንዳይገባ ይነገረው። ሰው ቢጥለው ደግሞ ከሚጮኸው ተመልካች ጋር እንዳይከራከር፣ ነገር ግን ተነሥቶ እስከ መጨረሻው እንዲሮጥ፣ ከዚያም በ30 ደቂቃ ውስጥ በመምህሩ በኩል አቤት እንዲል ይነገረው።